አዳማ ሆኖ የኤሌክትሪክ መኪና መምረጥ፦ ትንሹ ባትሪ፣ ትልቁ ባትሪ ወይስ ዜናውን መጠበቅ?

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ስልካቸውን ከፍተው ቤት መጡ። አጎቴ ናቸው፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ቪዲዮው ላይ አንድ የቻይና መኪና ቻርጀር ይሰካበታል። አምስት ደቂቃ ቆይቶ 400 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ሞልቶ ይነሳል።

"ይሄ እውነት ነው?" አሉኝ።

እውነት ነው አልኳቸው። የቻይናው መኪና ሠሪ ቢዋይዲ በመጋቢት 2017 ነው ያሳየው። ከወር በኋላ ደግሞ ባትሪ ሠሪው ሲኤቲኤል በአምስት ደቂቃ 520 ኪሎ ሜትር አለ።

"ታዲያ አሁን ብገዛ ሞኝ ልባል ነዋ!"

ሰፈር ውስጥ የቴክኖሎጂ ዜና ሲያሳድድ የሚያድረው ሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ከጥር 2016 ወዲህ፣ ማለትም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም ካለ በኋላ፣ ጥያቄው በዝቷል። ለጋሼ የመለስኩላቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አዳማ ላለ ሰው ምርጫው በተግባር ሦስት ነው። አንደኛው እንደ ቢዋይዲ ሲጋል ያለ ትንሽ መኪና መግዛት ነው። ሁለተኛው ትልቅ ባትሪ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ያገለገለ፣ እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያለ መኪና ነው። ሦስተኛው ያለችውን ቪትዝ እየነዱ የተሻለው ባትሪ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ደላላው ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ መቀመጫው ቆዳ ያወራችኋል። ለእኔ ግን ለአዳማ ሰው ነገሩን የሚቆርጠው አንድ ጥያቄ ነው፦ በሳምንት ስንት ጊዜ አዲስ አበባ ትወጣላችሁ?

ትወጣላችሁ ያልኩት በምክንያት ነው። መንገዱ ዳገት ነው።

መጀመሪያ ዜናውን እንጨርስ

የአምስት ደቂቃው ቻርጀር ኃይሉ 1,000 ኪሎዋት ነው፤ አንድ ሜጋዋት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የከተማችን ዳር ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ማማዎች ማየት ይበቃል። አዳማ አንድ 34 ማማ አለው፣ አዳማ ሁለት 102። እያንዳንዱ ማማ ነፋሱ ሲመቸው የሚሰጠው 1.5 ሜጋዋት ነው። አንድ ማማ በሙሉ ኃይሉ ቢሽከረከር እንደዚያ ዓይነት ሁለት መኪና ባንዴ መመገብ አይችልም። 136ቱም ቢሽከረከሩ 204 መኪና ነው። በርግጥ ሕዳሴው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት ይዞ ነው የመጣው። ግን ግድቡ ካለበት ጉባ ያለ ኃይል እዚህ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ካለ ሶኬት ለመድረስ ሽቦና ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ደግሞ የበዓል ዋዜማ ምጣድ ሲበዛበት ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ሁለተኛው ዜና የሶዲየም ባትሪ ነው። ይህን ዜና እኔ ራሴ እወደዋለሁ። ሶዲየም ማለት አሞሌ ጨው ውስጥ ያለው ነገር ነው። አባቶቻችን በአፋር ጨው ሲገበያዩ ኖረው፣ አሁን ዓለም ጨዉን ባትሪ ሊያደርገው ሲል ደስ ይላል። ሲኤቲኤል የመጀመሪያውን የሶዲየም ባትሪ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳየ። በ2025 ያሳየው አዲሱ በኪሎ 175 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪም ይሠራል ተብሏል። መልካም። አዳማ ላይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ምን ያደርግልናል? የእኛ ችግር የግንቦት ፀሐይ ነው። ሶዲየም የተፈለገው ርካሽ ይሆናል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የሊቲየም ዋጋ ራሱ ቁልቁል ወረደ። ስለዚህ የዋጋ ብልጫው ሳስቷል።

ሦስተኛው ውስጡ ፈሳሽ የሌለው፣ ጠጣር የሚባለው ባትሪ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ለ2027 ወይም 2028 ቀጥሮታል። ሲመጣ መጀመሪያ ውድ መኪና ላይ ነው የሚገጠመው። ከዚያ እኛ ጋ ያገለገለ ሆኖ እስኪደርስ ታናሽ ወንድሜ ልጅ ይድራል። (እሱ ነው "እጠብቃለሁ" የሚለው። አሁን 26 ዓመቱ ነው።)

ዳገቱ

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከአዳማ መሐል አዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። የከፍታው ልዩነት ወደ 700 ሜትር ይጠጋል። ለቤንዚን መኪና ይህ ትንሽ ጭማሪ ነዳጅ ነው፤ ማንም አይቆጥረውም። ለኤሌክትሪክ መኪና ግን በቁጥር ማስላት ይቻላል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ ሺህ ኪሎ የሚመዝን ነገር 367 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት አንድ ኪሎዋት ሰዓት (የቤታችን የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥረው መለኪያ) ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው።

ሲጋል ሁለት ሰው ጭና 1,400 ኪሎ አካባቢ ትመዝናለች። 700 ሜትር ለመውጣት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት። ሞተሩና ሽቦው የሚያባክኑትን ጨምሩና 3 በሉት። አይዲ 4 ከነሰዉ 2,300 ኪሎ ይሆናል። እሱ ለዳገቱ ብቻ 5 ይበላል።

በዚህ ላይ ለመንገዱ የሚያስፈልገው አለ። ፈጣን መንገዱ ላይ በ100 ሲነዳ ለሲጋል በመቶ ኪሎ ሜትር 14፣ ለአይዲ 4 ደግሞ 20 ኪሎዋት ሰዓት ብዬ ነው የምይዘው። የራሴ ግምት ነው፤ ሆን ብዬ ከፍ አድርጌዋለሁ። መንገድ ላይ ከማልቀስ ቤት ሆኖ መጠርጠር ይሻላል። እንግዲህ ሲጋል ስትወጣ 17 ትበላለች። ስትመለስ ቁልቁለቱ ስለሚያግዛት 12 ይበቃታል። አዲስ አበባ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ለማለት 2.5 እንያዝላት። ድምሩ 31.5 ነው።

ሲጋል ሁለት ዓይነት ባትሪ አላት፦ 30 ኪሎዋት ሰዓት እና 38.9። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው የሚወጣው። ባለ 30ዋ ደርሶ መልሱን አትችልም። አዲስ አበባ ላይ ቻርጅ ካላደረጋችሁ ቁልቁለቱ ቢያግዝም ሞጆ አካባቢ ጭንቅ ይጀምራችኋል። ባለ 38.9ዋ ትችላለች፤ ቤት ስትገቡ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋታል። ጥሩ ይመስላል። ግን ባትሪ ያረጃል። አሥር በመቶ ካጣ የሚተርፈው 3.5 ነው፤ ያ ደግሞ ልብ አይጥልም። አይዲ 4 ግን ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ 45 ቢበላ ነው። 80 አካባቢ ከሚይዘው ትልቁ ባትሪ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ይተርፈዋል።

ሻጩ "405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች" ይላችኋል። አይዋሽም። ያ ቁጥር የቻይና መለኪያ ነው። መለኪያው አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋችሁ ከሆነ ልክ ነው። ፈጣን መንገድ ላይ ግን አይሠራም። እኔ ከቻይና ቁጥር ላይ ሲሶውን ቀንሼ ነው የማስበው። 405ን 270 አድርጉት፤ ከዚያ ዳገቱን አስቡ።

ፍጥነት ደግሞ ከዳገቱ የባሰ ሌባ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ከ90 ወደ 120 ከፍ ስትሉ ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ነው፤ የነፋሱ ግፊት ግን 78 በመቶ ይጨምራል። ባለ ትንሽ ባትሪ ሆነው በ120 የሚያልፉኝን ሳይ ቢሾፍቱ ላይ እንገናኛለን እላለሁ።

ስለ ከፍታ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር 18 በመቶ ያህል ይሳሳል። የቤንዚን ሞተር ያንን አየር እየሳበ ስለሆነ የሚያቃጥለው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ዱከም ዳገት ላይ የቪትዝ ማቃሰት አንዱ ምክንያቱ ይኼ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። እንዲያውም ከፊት የሚገፋው ነፋስ ስለሚቀንስ ይጠቀማል። ለደጋ አገር የተሠራ ይመስላል።

ጋሼ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ባዶ ወጥተው መርካቶ ጭነው ይወርዳሉ። ይህን ስሰማ ሳቅኩ። ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ድንጋይ ካባ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ገልባጭ አለ። ባዶውን ሽቅብ ይወጣል፣ ድንጋይ ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል። ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ባትሪውን ስለሚሞላ ቻርጀር እምብዛም አያውቅም። የጋሼ ንግድ እንደዚያ ገልባጭ ነው። በርግጥ ፈጣን መንገዱ የድንጋይ ካባውን ያህል ቁልቁለት አይደለም፤ ጨርቁ ባትሪ አይሞላላቸውም። ጭነታቸው ከዳገቱ ጋር ሳይሆን ከቁልቁለቱ ጋር መሆኑ ግን ይጠቅማቸዋል።

ከአዲስ አበባ ስትወርዱ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። ሙሉ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

ውስጡ ያለው

ትንሹና ትልቁ የሚለያዩት በመጠን ብቻ አይደለም፤ በሥሪትም ነው። የቢዋይዲ ባትሪ ኤልኤፍፒ ይባላል፤ ብረትና ፎስፌት ነው። አይዲ 4 ላይ ያለው ትልቁ ባትሪ ኤንኤምሲ ነው፤ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት። ኤልኤፍፒን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያገኙት ጆን ጉዲናፍና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጉዲናፍ በ2019 ኖቤል ሲቀበሉ 97 ዓመታቸው ነበር፤ በታሪክ ትልቁ አዛውንት ተሸላሚ ናቸው። በ2023 በ100 ዓመታቸው አረፉ። ብዙ ሰው ዛሬ አዳማ ላይ የሚነዳው እኚህ ሽማግሌ የሠሩትን መሆኑን አያውቅም።

ኤልኤፍፒ ከባድ ነው። በአንድ ኪሎ የሚይዘው ኃይል ከኤንኤምሲ ያንሳል። ነገር ግን ኦክስጅኑ ከፎስፈረሱ ጋር ጠብቆ የታሰረ ስለሆነ ሙቀት ሲበዛ በቀላሉ አይለቀቅም፤ በዚህም የእሳት አደጋው ይቀንሳል። ዕድሜውም ረጅም ነው። ኤንኤምሲ ቀለል ይላል፣ ብዙ ይይዛል፣ ግን ሙቀትና ሙሉ ሆኖ መቀመጥ አይወድም።

የአያያዝ ልዩነታቸው ተገላቢጦሽ ስለሆነ ሰው ያምታታል። ኤንኤምሲን በአዘቦት ቀን 80 በመቶ ላይ አቁሙት፤ 100 የሚሞላው መንገድ ሊወጡ ሲሉ ነው። ኤልኤፍፒን ግን በሳምንት አንዴ 100 መሙላት ይመከራል። ምክንያቱ የባትሪው ጤና አይደለም፤ ቆጠራው ነው። የኤልኤፍፒ ቮልቴጅ ከላይ እስከ ታች ብዙም ስለማይለወጥ ኮምፒውተሩ ስንት እንደቀረ ለማወቅ ይቸገራል። ካልሞላ ቀስ በቀስ ይሳሳታል። 20 በመቶ እያለ ድንገት ወደ 8 የሚወርድ መኪና ገጥሟችሁ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

አዳማ ላይ ለሚውል መኪና እኔ ያለ ማወላወል ኤልኤፍፒ እላለሁ። በግንቦት ጥላ የሌለበት ግቢ ውስጥ የሚቆም መኪና በሙቀት ረገድ ታጋሽ ባትሪ ይፈልጋል። አይዲ 4 ፈሳሽ ማቀዝቀዣ አለው፤ መጥፎ አይደለም። ግን ቢያንስ ሸራ ዘርጉለት።

ቆጣሪው

ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ይስባል። በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ነው። ትንሿን ሲጋል ከዜሮ ለመሙላት 14 ሰዓት ይፈጃል። ባለ 38.9ዋን 18 ሰዓት። አይዲ 4ን አንድ ቀን ከግማሽ፤ ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ችግር የለውም። በየማታው ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ትልቅ ባትሪ ይዞ በሳምንት ሦስቴ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ግን 32 አምፔር የሚስብ፣ 7 ኪሎዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ግድ ነው። ያ ደግሞ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ ትክክለኛ ኧርዝ ይፈልጋል።

እንጀራ ምጣድ ከትንሹ ቻርጀር የበለጠ ይስባል፤ ሦስት ኪሎዋት ገደማ። "ምጣድ ከቻለ መኪናም ይችላል" የሚለው ወሬ ከዚህ ነው የመጣው። ልዩነቱ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይነቀላል፤ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። የአንድ ጓደኛዬን መኪና ቻርጅ ስናደርግ በሰነፍነት ማከፋፈያ ላይ ሰካነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰን። ሶኬቱ ቀልጦ ተጣብቋል። ማከፋፈያ የሚባል ነገር አትጠቀሙ። ምጣዱ ሲጣድ መኪናው ይነቀል።

ተከራይ ከሆናችሁና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ፣ መኪናውን ከማየታችሁ በፊት ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ። ቤት ቻርጅ ማድረግ ካልቻላችሁ የሁለቱም ምርጫ ጥቅም ግማሹ ይሄዳል።

ሶኬቱና ቋንቋው

በአጭሩ፦ ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባል ሶኬት አለው። ከአውሮፓ የመጣው ሲሲኤስ 2 ነው። አይዲ 4 ከሁለቱም በኩል ሊመጣ ይችላልና ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የምትመላለሱበት መንገድ ላይ ያለው ቻርጀር የትኛውን እንደሚሰጥ ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። የቻይናው ስክሪን ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ብቻ ነው። አፑም የቻይና ስልክ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ይለመዳል፤ ማስጠንቀቂያ ሲበራ ግን ምን እንዳለ አለማወቅ አይለመድም።

ያገለገለ ስትገዙ ባትሪውን እንዲህ ፈትኑ። ከአዳማ ሞጆ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ስትነሱ ስንት በመቶ ነበር? ስትመለሱስ? ዳሽቦርዱ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት በላሁ ይላል? 18 ካለ፣ በ50 ኪሎ ሜትር 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባትሪው 12 በመቶ ከወረደ 9 ሲካፈል ለ0.12፣ 75 ኪሎዋት ሰዓት አለው ማለት ነው። 15 በመቶ ከወረደ 60 ነው፤ ባለ 80 ነው ብለው እየሸጡላችሁ ከሆነ አመስግናችሁ ቁልፉን መልሱ። ግምት ነው፤ ግን ከደላላ መሐላ ይሻላል። ዲያግኖስቲክ ያለው መካኒክ ካገኛችሁ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅም ያሳያችኋል።

ቪትዝን አልሰድባትም። በመቶ ኪሎ ሜትር አምስት ስድስት ሊትር የምትበላ፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ ያለ፣ መካኒኩ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት መኪና ናት። በሳምንት አንዴ ለቤተ ክርስቲያንና ለአስቤዛ ብቻ የምትነሳ ከሆነ አትሽጧት። በየቀኑ የምትነዱ ከሆነ ግን የነዳጅ ሰልፉን ሰዓት ዋጋ አስገብታችሁ አስሉ።

ጎረቤታችን መምህርት ናቸው። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ። አዲስ አበባ በዓመት ሁለቴ ቢሄዱ ነው፤ ያኔም በአውቶቡስ። ለእሳቸው ባለ 30ዋን ሲጋል ነገርኳቸው። ትልቁን ባትሪ መግዛት ለማይወጡት ዳገት መክፈል ነው።

ለጋሼ አይዲ 4ን አልኳቸው፤ ከግድግዳ ቻርጀርና ከሸራ ጋር። በሳምንት ሁለቴ ይወጣሉ፣ አንዳንዴ ሦስቴ። እርጅናውን ሳስብ ባለ 38.9ዋን ሲጋል ለሳቸው ልደፍራት አልቻልኩም።

"የአምስት ደቂቃውስ?" አሉኝ ስልካቸውን እያሳዩኝ።

"ጋሼ፣ መርካቶ ሲደርሱ ስንት ሰዓት ነው የሚቆዩት?"

"አራት፣ አምስት ሰዓት።"

"መኪናውም ያን ያህል ይቆማል።"

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። ሰኞ ሞጆ ደርሰን ልንመለስ ተቀጣጥረናል።